በበቅሎ ልክ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር በብስክሌት



በዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን ልንተርክላችሁ ያሰብነው ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳር ተነሥቶ፣ ሐይቁን ወደ ግራው እየተወ፣ በፎገራ ሜዳና በእንፍራዝ ኮረብታዎች አልፎ ጎንደር ከተማ ስለሚደርሰው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆነው መንገድ፣ ይህንንም መንገድ በብስክሌት መጓዝ ለተጓዡ ስለሚሰጠው ትምህርት ነው። መንገዱን በመኪና የሄደበት ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ይዘን «በመንገድህ ምን አየህ?» ብንለው፣ ከመነሻውና ከመድረሻው በቀር የሚነግረን ብዙ ነገር አይኖረውም፤ መኪና ሰውን ያደርሳል እንጂ መንገዱን አያሳይምና።

አባቶቻችን ይህን አገር ያወቁት በበቅሎ እርምጃ ነበር። በቅሎ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ ነው፤ በዚህም እርምጃ የሚሄድ ሰው የመንደሩን ስም ይጠይቃል፤ ወንዙን በመልኩ ይለየዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ወርዶ ይሳለማል። ብስክሌት ምንም እንኳ ሳይቸኩሉ ቢነዱት በሰዓት 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ቢሆን፣ ነፋሱን፣ የአፈሩን ሽታና የሰውን ሰላምታ ከተጓዡ የማይጋርድ ስለ ሆነ፣ ከመኪና ይልቅ የበቅሎ ዘመድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። የአገራችን ሰው የብስክሌቱን መቀመጫ ሌላ ስም ሳይፈልግለት «ኮርቻ» ብሎ መጥራቱም ይህን ዝምድና ሳይመሰክር አይቀርም።

ዝምድናው በኛ አገር ብቻ የታሰበ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ በሁለት የእንጨት መንኰራኩር ላይ ተቀምጦ በእግሩ መሬቱን እየገፋ የሚሄድበትን መሣሪያ በማንሃይም ከተማ አጠገብ ሲነዳ፣ ዘመኑ የአዝመራ ጥፋትና የመኖ እጦት ያገኘው ዘመን ነበርና፣ ሐሳቡን ያነሣሣው የፈረስ መኖ መወደድ ነው የሚሉ ጸሐፍት አሉ። ፔዳል የተጨመረለት በ1860ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱን መንኰራኩሮች እኩል ለማድረግ ተቃርቦ የኋለኛውን በካቴና አሽከረከረው፤ በ1888 ደግሞ በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በነፋስ የተሞላውን ጎማ አወጣ። ዛሬ የምንነዳው ብስክሌት በመሠረቱ የነዚህ ሰዎች ሥራ ነው። ደግሞም ደርቭላ መርፊ የተባሉት አየርላንዳዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአገራቸው እስከ ህንድ በብስክሌት ከተጓዙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ የደጋውን ጎዳና የተጓዙት በብስክሌት ሳይሆን በቅሎ ይዘው ነው። ያን ጊዜ አገሩ በቅሎን ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን በጣና ምሥራቅ በኩል ያለው ጎዳና አስፋልት የለበሰ ስለ ሆነ፣ የበቅሎውን ተግባር ብስክሌቱ ሊረከብ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጉዟችን እንመለስ። መነሻችን ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሐይቁ ዳር የተዘረጋ፣ መሬቱ ደልዳላ፣ ጎዳናው በዘንባባ ያጌጠ ከተማ ነው። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሠራተኛው በብስክሌት ሲመላለስ ማየት በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለምና፣ ተጓዡ ጎማውን የሚያስነፋበት፣ ፍሬኑን የሚያስጠብቅበት ቦታ በቀላሉ ያገኛል። ረዥሙን መንገድ ከመጀመሩ በፊትም ሰውነቱን ለማለማመድ ቢወድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጢስ ዓባይ ሄዶ፣ ክረምቱ በወጣ ሰሞን ዓባይ 45 ሜትር ገደማ ከሚሆን ገደል ላይ ሲወርድና ውኃው ጢስ ሆኖ ሲያርግ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውንም የድንጋይ ድልድይ ተመልክቶ መመለስ ይችላል።

ሐይቁ ራሱ የእሳትና የውኃ ሥራ ነው። በጥንተ ዘመን ከምድር ልብ የፈለቀ ቅልጥ ድንጋይ የወንዙን መውረጃ ስለ ዘጋው ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ሜዳ ሸፈነው፤ ስፋቱ እንዲህ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። በዚህ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ባሕር ላይ ደሴቶች ተበትነዋል፤ በደሴቶቹም ላይ ከ13ኛውና ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መነኮሳት ገዳማትን ገድመው፣ መጻሕፍትን ጽፈው፣ ነዋየ ቅድሳትን ጠብቀው ኖረዋል። ክብራን ገብርኤል፣ የነገሥታት አፅም የሚገኝበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት አርፋበታለች ተብሎ የሚተረከው ጣና ቂርቆስ፣ እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ ሁሉም የዚህ ሐይቅ ዕንቍዎች ናቸው። ከደሴቶቹ አንዳንዶቹ ሴት የማይገባባቸው ናቸውና መንገደኛ አስቀድሞ ሥርዓታቸውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ብስክሌቱን ለአንድ ቀን አሳርፎ በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው፣ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር በእግሩ ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያገኛል፤ ጫማውንም አውልቆ ሲገባ፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ተከፍሎ፣ የመቅደሱ ግድግዳም ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኖ ይመለከታል። የዘጌ ሰው እንደ ነገረን ልማድ፣ በዚህ ምድር በሬ አይጠመድም፤ ቡናውም ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ነው ይባላል። ትውፊቱን ያመነም ያላመነም ሰው ፍሬውን ማየቱ አይቀርም፤ ዙሪያው በታረሰበት አገር የዘጌ ደን እስከ ዛሬ ቆሞአልና።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተጓዡ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውንና 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይሻገራል፤ ማልዶ ከሆነም ከሐይቁ በሚወጣው ውኃ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ሰዎች፣ ዕድል ከቀናውም ጉማሬ ያያል። ማልዶ መነሣት ግን ለዓይን ደስታ ብቻ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ስላለበት ነው። ቀን ፀሐይ ስትበረታ ምድር ከውኃ ይልቅ ፈጥና ትሞቃለች፤ በምድሪቱ ላይ ያለውም አየር ሞቆና ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ምድር ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚሄድ ብስክሌተኛ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከግራ ጎኑ እየገፋ ያደክመዋል፤ በማለዳ የተነሣ ግን ነፋሱ ሳይነሣ አብዛኛውን መንገድ ይጨርሳል።

ከሐሙሲት ከተማ ወዲያ ፎገራ ይጀምራል። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል አፈርና ውኃ ይዘው እየወረዱ በየዓመቱ የሚያሰቡት ይህ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነበር፤ የፎገራ ላም ስም ከሩቅ አገር ይጠራል። ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ገበሬው ክረምት ውኃ የሚተኛበትን መሬት ወደ ሩዝ ማሳነት ለውጦታል። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ፎገራ የሚያሰለች ሜዳ ነው፤ በብስክሌት ለሚሄድ ግን መጽሐፍ ነው፤ ውኃ የት እንደ ቆመና የት እንደ ሸሸ፣ ሳቢሳ ከከብቱ ኋላ ተከትላ ስትለቅም፣ ገበሬው ስለ ምን ቤቱን ከሜዳው አንሥቶ ወደ ጉብታው እንዳስጠጋ ሁሉ ያነብበታል። የሚያሳዝነውንም ያነብባል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ የተባለው መጤ አረም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳር እየያዘ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን እንዴት እንዳስጨነቀ ከባላገሩ አፍ ይሰማል።

በሁለተኛው ቀን ከወረታ እስከ እንፍራዝ ያለው ጉዞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ከፊተኛው ይከብዳል፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ሜዳው አልቆ ጠመዝማዛው ዳገት ይመጣልና። እዚህ ላይ ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር እንናገር። ዳገት በጉልበት አይወጣም፤ በማርሽ ነው እንጂ። ካቴናው በፊት በትንሹ ጥርስ፣ በኋላ ደግሞ በትልቁ ጥርስ ላይ ሲሆን፣ እግር ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚጠየቀው ኃይል ግን ያንሳል፤ ያው ከባድ ሸክም በአንድ ጊዜ ከሚነሣ ተከፋፍሎ ቢነሣ እንደሚቀል ማለት ነው። ቍልቍለቱን ደግሞ ፍሬን ጨብጦ ሳይለቁ መውረድ መልካም አይደለም፤ የፍሬኑ ላስቲክ ይግላል፣ ይበላል፤ ስለዚህ ይዞ መልቀቅ፣ መልቀቅና መያዝ፣ ከጠመዝማዛው በፊትም ፍጥነትን መቀነስ ይገባል። ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና የመጣበቂያ ዕቃ መያዝም ግድ ነው፤ ጎሚስታ በከተማ እንጂ በዳገት መካከል አይገኝምና።

እኔ ራሴ በዚያ ዳገት ላይ ያገኘኝን ልንገራችሁ። ማርሹን በጊዜው ሳልቀይር ቀርቼ ጉልበቴ ስለ ከዳኝ፣ ወርጄ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሳዘግም፣ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ በበቅሎ ላይ ሆነው ከኋላዬ ደረሱብኝ። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ ትንሽ ቃኝተውኝ «ልጄ፣ ይህ በቅሎህ ዳገት ሲያይ ይለግማል እንዴ?» አሉኝ። «የለገምሁስ እኔ ነኝ፣ አባቴ» ብላቸው ሣቁና «እንግዲያው እሱን አትውቀሰው፤ በቅሎም ብትሆን በልኳ ካልያዟት ጌታዋን ታስገፋለች» ብለውኝ አለፉ። ስለ ማርሽ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከማንም አልሰማሁም።

ዳገቱ ሲያልቅ ግን ድካሙን የሚክስ ነገር ይገኛል። ከእንፍራዝ አቅራቢያ፣ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ጉዛራ የተባለው ግንብ ቆሟል፤ ብዙዎች ሊቃውንት ሥራውን እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለዓፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጡታል። በግንቡ አጠገብ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው፣ ሜዳው ሁሉ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ፣ ከሜዳውም ማዶ ጣና እንደ ብርሌ ሲያበራ ያያል፤ ያን ጊዜም ንጉሡ ስለ ምን ይህን ቦታ እንደ መረጡ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ16ኛው መቶ ዓመት በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወሩ ነበር። የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት አገሩን አናግቶ፣ ኢማሙም እ.ኤ.አ. በ1543 በዚሁ በጣና አካባቢ በወይና ደጋ ከወደቁ በኋላ፣ የመንግሥቱ ክብደት ከደቡብና ከሸዋ እየለቀቀ ወደዚህ ሐይቅ ዳር አዘነበለ። ምክንያቱ በብስክሌት ለመጣ ሰው የተሰወረ አይደለም፤ ትናንት ያለፈበት ሜዳ እህልና ከብት ያበላል፤ ሐይቁ ዓሣ ይሰጣል፤ ደሴቶቹ መጻሕፍትንና ንዋያትን ከዘራፊ ይሰውራሉ፤ ኮረብታው ደግሞ ጠላትን ከሩቅ ያሳያል። እነዚህን አራቱን ነገሮች በሁለት ቀን በዓይኑ ስላየ፣ የታሪክ መጽሐፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፈውን እርሱ በጉልበቱ ያውቀዋል።

በጎንደር የሚነገረው ትውፊት ለነገሥታቱ መናገሻቸው ስሙ በ«ገ» ቤት ፊደል በሚጀምር ቦታ እንዲሆን በራእይ ተነግሯቸው ነበር ይላል፤ ስለዚህም በጉዛራ ተሞከረ፣ በሐይቁ ሰሜን ዳር በምትገኘው በጎርጎራ ተሞከረ፣ በመጨረሻም ዓፄ ፋሲል በአደን ላይ ሳሉ ጎሽ እየመራቸው ጎንደር ደረሱ ይባላል። ትውፊቱ የራሱን ቋንቋ ይናገራል፤ መንገዱም የራሱን፤ ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጎንደር በአንድ ሌሊት የተገኘች ሳትሆን፣ ተፈልጋ፣ ተፈትናና ተመርጣ የተገኘች መሆኗን።

በሦስተኛው ቀን ከእንፍራዝ በማክሰኚት በኩል እስከ ጎንደር የሚቀረው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ ላይ ያዘነብላልና፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ቢያለከልክ አይደንግጥ፤ ቀስ ይበል፤ ውኃ ከመጠማቱ በፊት ይጠጣ፤ ከላቡ ጋር የወጣውን ጨው የሚመልስ ነገር ይቅመስ። ለዚህ ጉዞ የተመቸው ወራት ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብስ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ያለው ነው፤ ቢቻልም በጥር 10 ቀን ታቦታቱ በፋሲል መዋኛ ሲያድሩ ለመድረስ ማሰብ ያስመሰግናል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሽማግሌዎችና ከሹማምንቱ መጠየቅ ይገባል፤ አባቶቻችን በቅሎ ከመጫናቸው በፊት የመንገዱን ወሬ ይጠይቁ ነበርና፣ ይህን ልማድ የሚሽር መንኰራኩር ገና አልተሠራም።

ጎንደር ስትደርሱ 900 ሜትር በሚረዝም ቅጥር የተከበበው ፋሲል ግቢ ይቀበላችኋል። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዪቱን የቆረቆሩት ዓፄ ፋሲል ያሠሩት ግንብ፣ በማዕዘኖቹ ክብ ማማዎችን አቁሞ ከሁሉ ከፍ ይላል፤ የዓፄ ዮሐንስ የመጻሕፍት ቤት፣ የዓፄ ኢያሱ፣ የዓፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንጻዎችም በዙሪያው ተከታትለዋል። ልጅ ከአባቱ ግንብ ጎን የራሱን እየጨመረ የሄደበት ግቢ ስለ ሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ከትውልድ ወደ ትውልድ መሻገር ነው። ይህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያም ወጣ ብላችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳለሙ፤ ከጣሪያው የኪሩቤል ፊቶች በተርታ ቍልቍል ይመለከቷችኋል። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ይህች ደብር ተርፋለች፤ ሕዝቡም የንብ መንጋ እንደ ጠበቃት ይተርካል።

ከዚህ የሚመለስ ሰው በመጣበት መንገድ ብቻ አይመለስም። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎርጎራ ወርዶ፣ በደብረ ሲና ማርያም ያሉትን ሥዕሎች አይቶ፣ ብስክሌቱን በጀልባ ጭኖ ሐይቁን ወደ ባሕር ዳር መሻገር ይቻላል፤ እንዲህም ቢያደርግ ሐይቁን ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመካከሉ ያየዋል።

በጀልባው ላይ ሳላችሁ ዳጋ እስጢፋኖስን ከሩቅ ብታዩት አንድ ነገር አስታውሱ። ቀደም ብለን የነገሥታት አፅም እንደሚገኝበት የነገርናችሁ ደሴት ይህ ነው፤ ከነዚያ ነገሥታትም አንዱ ዓፄ ፋሲል ናቸው። ጎንደርን የመሠረቱት፣ ግንቡን ያሠሩት ንጉሥ፣ ዘመናቸው ሲፈጸም ያረፉት በሠሩት ግንብ ውስጥ ሳይሆን፣ መንግሥቱ ወደ ጎንደር በወጣበት መንገድ መነሻ፣ በሐይቁ ላይ ነው። መንግሥቱ ከሐይቁ ዳር እስከ ጎንደር ሁለት ትውልድ የፈጀበትን መንገድ እናንተ በሦስት ቀን ወጥታችሁ፣ ንጉሡ በተመለሱበት ውኃ ትመለሳላችሁ። ብስክሌታችሁም በጀልባው ጎን ተደግፎ ዕረፍቱን ያደርጋል፤ እንደ በቅሎ ገብስ ባይጠይቅም፣ ካቴናውን ዘይት ቀብታችሁ አመስግኑት።